«ጎማው ፈንድቶ ነው እኮ!» ታዲያ ካሳውን ማን ይክፈል?

ሰሞኑን አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልን። ታናሽ ወንድሟ ታክሲ ለመያዝ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ የአንድ ሚኒባስ የፊት ጎማ ይፈነዳል፤ መኪናው አስፋልቱን ለቆ ይወጣና ይገጨዋል። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ሥራ ካቆመ ግን ዓመት አልፎታል። የመኪናው ባለቤት በሽማግሌ በኩል የላኩት መልስ አጭር ነው፦ «የፈነዳው ጎማ ነው። ሹፌሩም አላጠፋ፣ እኔም አላጠፋሁ። የእግዜር ሥራ ነው። ለሰብዓዊነት ግን 15 ሺህ ብር እሰጣለሁ፤ ፈርሙልኝ።»

የእሷ ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ «እውነት ጎማ ከፈነዳ ተጠያቂ የለም ማለት ነው?»

አይደለም። ግን ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚመስለው ነገሩን ሰፋ አድርገን ለማየት ወሰንን። እግረኛም ሁኑ፣ በየቀኑ በታክሲ የምትመላለሱ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ መኪና ያለ፣ ነገሩ ይነካችኋል።

መጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል?

ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ያለው «ያጠፋ ይከፍላል» የሚለው ነው። በአብዛኛው ልክ ነው። ነገር ግን ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ እየሠራንበት ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተወሰኑ ነገሮች ሌላ መንገድ አስቀምጧል። ከነዚህ አንዱ መኪና ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ነፃ የሚወጣው ጉዳቱ ሲደርስ መኪናው ተሰርቆ የነበረ መሆኑን ሲያስረዳ ነው።

ዋናው ግን ቁጥር 2086 ነው። በሰው አፍ እንመልሰው ብንል፦ ያለ ጥፋት ኃላፊ የሆነ ሰው «ምንም አላጠፋሁም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር»፣ «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት የተጎጂው ጥፋት ሲኖርበት ነው። ለምሳሌ ተጎጂው በቀይ መብራት ዘሎ ገብቶ ከሆነ።

ይሄን ወደ መንገድ አውርዱት። «ጎማው ፈነዳ» መልስ አይሆንም። «ጎሚስታው በደንብ ሳያስር ነው» መልስ አይሆንም። «አዲስ ነው ብሎ አሮጌ የሸጠልኝ ነጋዴ ነው» መልስ አይሆንም። ባለቤቱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ጎሚስታውንም ነጋዴውንም መክሰስ መብቱ ነው። የእግሩ አጥንት የተሰበረው ልጅ ግን በነሱ ጠብ መሃል ቆሞ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ለአንዳንዶች ይሄ ባለቤቱን የሚበድል ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ልክ ነው ብለን እናምናለን። መኪናውን መንገድ ላይ ያወጣው፣ ገቢውን የሚሰበስበው፣ ጎማውን መቼ መቀየር እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። መንገድ ዳር የቆመ ሰው የማያውቀውን መኪና ጎማ የሚመረምርበት ዕድል የለውም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሸነፋል?

ሁለት ጉዳዮች ስለሚደባለቁ ነው። ትራፊክ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚይዙት የወንጀል ጉዳይ ነው። በወንጀል ሰው የሚቀጣው ጥፋት ሲኖርበት ብቻ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 57 በድንገተኛ አጋጣሚ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል የደረሰ ነገር እንደማያስቀጣ ይናገራል። ስለዚህ «ጎማ ፈነዳብኝ» የሚለው ክርክር እዚያ ጋ ሊሠራ ይችላል። ሹፌሩ ነፃ ይባላል፣ ቤተሰብ «በቃ ተፈረደ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

አልተፈረደም። የካሳ ክስ ለብቻው የሚሄድ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ተከሳሹን በነፃ ማሰናበቱ ካሳውን የሚያየውን ፍርድ ቤት አያስገድደውም። ባለቤቱ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሹፌሩስ ሁሌ ነፃ ይወጣል? እሱም አይደለም። ጎማ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ የሚፈነዳው ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሲብላላ የቆየ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ሽቦና ክር ከላስቲኩ ይላቀቃል። ከልክ በላይ ጭነት፣ ረጅም መንገድ፣ ሙቀትና ፍጥነት ሲጨመሩበት ያልቃል። ጉድጓድ የመታው ጎማ ጎኑ ላይ እብጠት ያወጣል፤ እብጠቱ ለቀናት እየታየ ይነዳል። ጥርሱ ያለቀ ጎማማ በዓይን ይታያል። ይህን እያየ የነዳ ሹፌር «ድንገተኛ» ቢል የሚያምነው ማን ነው? በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስጠይቃል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ሁለት መኪና ሲጋጭ ነገሩ ይቀየራል

አንድ መኪና ጎማው ፈንድቶ መስመሩን ለቆ ከፊት ከሚመጣው ጋር ተላተመ እንበል። ቁጥር 2084 ሁለቱም መኪኖች ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። አዎ፣ በመስመሩ ሲሄድ የነበረውም! ይሄ የማይቀርለት ግን ካላስረዳ ነው። አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአመዛኙ በአንደኛው ሹፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ ይወድቃል። እዚህ ጋ የጎማው ሁኔታ ወሳኝ ይሆናል፦ ጥርሱ አልቆ ነበር? ጭነቱ ስንት ነበር? ፍጥነቱስ?

ተሳፋሪ ከሆናችሁ ደግሞ

ከፍላችሁ ስትሳፈሩ ከትራንስፖርት ሰጪው ጋር ውል አላችሁ። ስለዚህ የሚሠራው የንግድ ሕጉ የማጓጓዣ ክፍል ነው (የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልነካውም፤ የ1952ቱ እንደቀጠለ ነው)። ቁጥር 597 ለአንድ ተሳፋሪ የሚከፈለውን ካሳ በ40 ሺህ ብር ይገድበዋል። በ1952 ይህ ብር ትልቅ ሀብት ነበር። ዛሬ የአንድ ቀዶ ጥገና ወጪ ላይሸፍን ይችላል። የሚያሳዝነው፣ በዚያው አደጋ መንገድ ዳር የተገጨው እግረኛ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፤ ውስጥ የተቀመጠው ግን አለበት።

ገደቡ የሚነሳበት በር አለ። አጓጓዡ ወይም ሠራተኞቹ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቁ ያደረጉት ወይም ያልተዉት ነገር ከሆነ በ40 ሺው መከለል አይችሉም። ወያላው «ይሄ ጎማ ዛሬ አያደርሰንም» ሲል የሰማ ተሳፋሪ ካለ፣ ያ ምስክርነት ብዙ ዋጋ አለው።

ሹፌሩና ረዳቱ ራሳቸው ቢጎዱስ? እነሱ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው የሚባለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል።

ኢንሹራንስ አለ አይደል?

አለ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ ለሞትም ለአካል ጉዳትም እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን መጠን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ሲሆን ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ መድን ድርጅቱ ጣሪያውን ከፈለ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ቀሪውን ከባለቤቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠየቅ ይቻላል። የወጣው የሕክምና ወጪ፣ ገና የሚወጣው፣ የቀረ ደሞዝ፣ ወደፊት የሚቀንስ ገቢ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ትክክለኛው መጠን በማስረጃ ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ ይወስናል። ሰው ከሞተ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች መተዳደሪያቸው ስለተቋረጠ መጠየቅ ይችላሉ። የሞራል ካሳን ግን ባትጠይቁን ይሻለን ነበር። ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። አንድ ሺህ። ልጁን ላጣ ወላጅ!

የጎማው ፋብሪካስ?

እሱም ሊጠየቅ ይችላል። ቁጥር 2085 ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ገዝቶ አስገጥሞ ፋብሪካ መክሰስ አይሆንም ማለት ነው።

ይህ መንገድ ከባድ ነው፤ ግን ሌላ አገር ትልቅ ኩባንያ አንበርክኳል። በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፋየርስቶን አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ገደማ ጎማ ከገበያ ሰብስቧል። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ የጎማው የላይኛው ክፍል በጉዞ ላይ እየተላቀቀ መኪኖቹ ይገለበጡ ነበር። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዘው ሞት ከ270 በላይ ነው። እንዲህ ባለ ክርክር ትልቅ ዋጋ ያለው ማስረጃ የተበጣጠሰው ጎማ ራሱ ነው።

ስለዚህ ጎማው የት ነው?

እዚህ ላይ ነው ስልካችሁ የሚጠቅመው። አደጋ ላይ ከደረሳችሁ፣ የተጎዳው ሰው እርዳታ ካገኘ በኋላ፣ የፈነዳውን ጎማ ፎቶ አንሱ። ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ ብዙ። የተቀደደበትን ቦታ፣ ጥርሱን፣ ጎኑን። ከጥርሶቹ መሃል ትንንሽ ድልድይ የሚመስሉ እብጠቶች አሉ፤ ከፍታቸው 1.6 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ይህ ቁጥር በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ሁለቱንም ጎን እዩ። ሌሎቹን ሦስት ጎማዎችም አንሱ፤ የባለቤቱን የአያያዝ ልማድ ይናገራሉ። ታርጋውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎና የመድን ምልክት አትርሱ።

ከዚያ ጎማው እንዳይጠፋ ለፖሊስ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የቴክኒክ ምርመራ ውጤቱንና የአደጋውን ፕላን ኮፒ ጠይቁ። መኪና ተለቅቆ ከወጣ በኋላ የፈነዳ ጎማ መጨረሻው ወይ ጎሚስታ በር ላይ ነው፣ ወይ ቁራሌው ጆንያ ውስጥ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነም ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ስሙ ያልዞረ መኪና ክርክሩን ያወሳስበዋል።

ስለ ፊርማው ወረቀት

ሽምግልናን አንቃወምም። ስንት ቤተሰብ ያስታረቀ ነገር ነው። ነገር ግን «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ስምምነት ላይ የፈረመ ሰው በቁጥር 3312 መሠረት የመጨረሻ ፍርድ እንደተሰጠበት ይቆጠራል። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ እንኳ ተመልሶ መጠየቅ እጅግ ይከብደዋል። ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይጽፍ ገንዘብ ላይ መስማማት ዋጋውን ሳያውቁ እንደመሸጥ ነው።

ጊዜውም ይሄዳል። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገሩ በወንጀል የሚያስጠይቅ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ በረዘመው ይታያል፤ ግን በዚያ ተማምናችሁ አትቀመጡ። ጠበቃ መቅጠር ለማትችሉ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

ለጠየቀችን እህታችን ይህንኑ መልሰንላታል። ወረቀቱ ገና አልተፈረመም። አደጋው ከደረሰ 14 ወር ሆኖታል፣ ስለዚህ 10 ወር አላት። ጎማው የት እንዳለ ስንጠይቃት መኪናው ከተለቀቀ ቆይቷል፣ አዲስ ጎማ ገጥሞ እዚያው መስመር ላይ እየሠራ ነው አለችን። አሮጌው ጠፍቷል። ወንድሟ ግን ያን ቀን አምቡላንስ ሲጠብቅ አጠገቡ የነበረ አንድ ተማሪ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ነበር። አሁን ልጁን እያፈላለገች ነው።