የማይመሽበት ማቆያ

የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ዶሊ ጂ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰጡት ውሳኔ፣ በድንበር ጠባቂዎች የተያዙ ስደተኛ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ በማይጠፋ መብራት ሥር፣ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ እንዲያድሩ መደረጉ በመንግሥት እጅ ያሉ ስደተኛ ልጆችን አያያዝ የደነገገውን የ1997ቱን የፍሎሬስ ስምምነት እንደሚጥስ አረጋገጡ። መንግሥት «ስምምነቱ እንቅልፍን በስም አይጠቅስም» ብሎ ይግባኝ ቢጠይቅም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 ሳይቀበለው ቀረ። ጉዳዩ የስደተኞች ይሁን እንጂ ጥያቄው ታዳጊ የሚታሰርበትን ቦታ ሁሉ ይመለከታል። ለእንዲህ ያለ ቤት መብራት የሚመርጥ ሰው ስለ ድምቀቱና ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት፣ ሌሊት ምን ያህል ሊደበዝዝ እንደሚችል መጠየቅ አለበት እላለሁ።

ዓይናችን ውስጥ፣ ከማየት ይልቅ ቀንና ሌሊትን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሕዋሳት እንዳሉ በ2002 ታውቋል። እነዚህን ሕዋሳት ይበልጥ የሚቀሰቅሰው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ነጩ የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ይህ ብርሃን በብዛት ስላለው፣ ሌሊት ሲበራ ለአንጎል ገና ቀን እንደሆነ ይነግረዋል። በጉርምስና ዕድሜ የእንቅልፍ ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ሌሊቱ ይገፋል፤ ሐኪሞች ለዚህ ዕድሜ የሚመክሩት ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። እንግዲህ አናቱ ላይ ነጭ መብራት የሚበራበትና ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቀስ ልጅ እንቅልፉን ከሁለቱም ጫፍ ይነጠቃል። በማግስቱ ሲነጫነጭ ወይም ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ጥፋቱ በእሱ ስም ይመዘገባል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

የጠባቂዎች ስጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ራሱን የሚጎዳ ልጅ አለ። ሆኖም ሕይወት የሚያድነው እየተመላለሱ ማየት እንጂ የመብራቱ ድምቀት አይደለም። ወለሉ አጠገብ የተገጠመ ደብዛዛ ቢጫ መብራት የተኛውን ልጅ ትንፋሽ ለማየት ይበቃል፤ ዋናው መብራት በተለየ መስመር ተዘርግቶ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ከውጭ ሊበራ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር እንደሚያያዝም መዘንጋት የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት ነፃነታቸውን ለተነፈጉ ታዳጊዎች ጥበቃ በ1990 ያጸደቃቸው የሐቫና ደንቦችም የሌሊቱ ክትትል በየጊዜው የሚደረግና የማይረብሽ እንዲሆን ይጠይቃሉ። መብራቱ እንዳይሰበር መፍራትም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጠንካራ ሽፋን ለደብዛዛውም ይሠራል። አሮጌ ሕንፃ ላይ ሁለት መስመር መዘርጋት ወጪ አለው፤ አቅም ከሌለ ከመኝታ ክፍሎቹ መጀመር ይቻላል። የሌሊቱ የብርሃን መጠን ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ በቁጥር ይጻፍ። በቀን የሚደረግ ጉብኝት ይህን ስለማያሳይ፣ ተቆጣጣሪው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መግባት አለበት።