ነባር ግንበኛን ስለ መርዳት፤ ለትምህርት ቤት አትክልት ቦታ የዕቃ ቤት በሚሠራበት ጊዜ

የአትክልት ቦታ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት ዶማውንና አካፋውን፥ የውኃ ማጠጫውንና ለዘር ተመርጦ የተቀመጠውን እህል የሚያኖርበት አንድ ትንሽ ቤት ያስፈልገዋል። የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ የሞላበት አገር ስለ ሆነ ይህን የመሰለ ቤት በድንጋይ ለመገንባት የተመቸ ነው። ግንበኛው በዋጋ ተስማምቶ ለጥቂት ቀን ይመጣል፤ ረዳቶቹ ግን መምህራኑ፥ የልጆቹ አባቶችና በጅጌ የተጠሩ ጎረቤቶች ናቸው። እንግዲህ ግንበኛው ብዙ ቤት ያቆመ፥ በሥራውም የታወቀ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ድንጋዩም አሸዋውም ውኃውም ወደ እርሱ የሚደርሰው ሥራውን ባልተማሩ ሰዎች እጅ ነው። ወርዱ 3 ሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ከፍታው 2 ሜትር ከ20፥ የግድግዳው ውፍረት 50 ሳንቲሜትር የሆነ ቤት ግድግዳው ብቻ 300 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ይህም ሁሉ ክብደት የሚቆመው ልጆች ከሚጫወቱበት ሜዳ አጠገብ ነው።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ሥራው ሊታጐል የደረሰው ግንበኛ ጠፍቶ አልነበረም፤ የተሸካሚዎቹ ጉልበት ደክሞ፥ ፍርስራሹም በዝቶ ነበር እንጂ። ቅጥሩ በ52 ቀን መፈጸሙን የሚያነብ ሁሉ ተሸካሚዎቹንም ማሰብ ይገባዋል። በኢትዮጵያ ግን ተሸካሚው ቀርቶ ጠራቢውና ቀጥቃጩ ራሱ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ስለዚህም ነገር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽም አይጠየፍ ተብሎ የተጠራው ማንንም ሳይንቅ የሚቀበል ቤት ነው ለማለት ነው። ያን አዳራሽ ያቆመ ግንበኛ በመንደሩ ቢናቅ ስሙና ግብሩ ባልተስማሙ ነበር። ስለዚህ ረዳት የሆነ ሰው፥ መምህርም ቢሆን የአገር ሽማግሌም ቢሆን፥ ግንበኛውን እንደ ዕድሜው አያ ወይም ጋሼ ብሎ ይጥራው፤ በግንቡ ላይ ሳለም ትእዛዙን ይቀበል።

የረዳቱ ሥራ የሚጀመረው ግንበኛው ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው፥ በጦሳ ተራራ ግርጌ በተዘረጋ ቦታ ላይ ናት፤ በተዳፋቷም ላይ ዝናም በበዛ ጊዜ አፈር ይንሸራተታል። በዚያ ወገን ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ከቦታው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍር፤ መሠረቱም ከሌላ ቦታ ተዝቆ በፈሰሰ ልል አፈር ላይ አይረፍ። ቦርከናን ተከትሎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ መሬት ያገኛል። በሜዳው ላይ ያለው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውንም ግንብ አብሮ ያነሣል፥ ያወርዳል። በመረሬ ላይ ያለ መሠረት ጥቁሩ አፈር አልቆ ጽኑ መሬት እስኪገኝ ድረስ መቆፈር አለበት። ቆፋሪው ደክሞ ይበቃል ቢል፥ ግንበኛው ግን ገና ነው ቢል፥ የግንበኛው ቃል ይጽና፤ ከጕድጓዱ የቀረው አንድ ክንድ ኋላ በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ሆኖ ይታያልና።

የመሠረቱ ማዕዘን ቀጥ ማለቱን ለማወቅ መምህሩ ለግንበኛው ጥሩ ረዳት ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ማዕዘን በአንዱ ገመድ ላይ 3 ሜትር፥ በሌላው ገመድ ላይ 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ቢያደርግ፥ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ተማሪዎች በገመዱ ላይ ራሳቸው ቢለኩት የሒሳብ ትምህርታቸውን በመሬት ላይ ያዩታል። ነባር ግንበኛ ይህን ሳያሰላ በዓይኑና በልምዱ ያውቀዋል፤ ስለዚህ መምህሩ የሚለካው ተማሪን ለማስተማር እንጂ ግንበኛውን ለመፈተን አይምሰል።

ድንጋይ የሚያቀብል ሰው ድንጋዩን አስቀድሞ በሦስት ወገን ይለየው፤ ለማዕዘን የሚሆነውን ትልቁንና ጠርበኛውን፥ ለፊት የሚሆነውን ጠፍጣፋውን፥ ለመሙያ የሚሆነውን ጠጠሩን። አፈር የያዘውን ይጠበው፤ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር አይያያዝም። ከሁሉ ይልቅ ግን የግድግዳውን ውፍረት ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፈውን ረጅም ድንጋይ ፈልጎ ለብቻው ያኑር። ይህ ማሰሪያ ድንጋይ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በውጭና በውስጥ የተደረደሩ ሁለት ግድግዳዎች ናቸው፥ በመካከላቸውም ጠጠር አለ። ማሰሪያ ድንጋይ ከሌለው በተናወጠ ጊዜ ሁለቱ ይለያዩና ሆዱ ተነፍቶ ይወድቃል። ይህም በሩቅ አገር ብቻ የሚሰማ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፥ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወድቋል። ስለዚህ ግድግዳው በ60 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ቍጥር፥ በአግድም በየ1 ሜትሩ ገደማ አንድ ማሰሪያ እንዲገባ ረዳቱ ድንጋዩን አዘጋጅቶ ይጠብቅ። ግንበኛ ማሰሪያ የሚያጣው ባለማወቅ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀብለው ሰው እጁ የገባለትን ብቻ ስለሚሰጠው ነው።

የሲሚንቶ ጭቃ የሚያቦካው ረዳት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ዕዳ አለበት። ከወንዝ የመጣ አሸዋ ደለል ይይዛል። ይህን ለማወቅ አሸዋውን በጠርሙስ እስከ ግማሽ ጨምሮ፥ ውኃና ጥቂት ጨው አክሎ፥ በደንብ ነቅንቆ ማሳደር ነው፤ በማግሥቱ አሸዋው ከታች፥ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይታያል። ደለሉ ከአሸዋው ከመቶ 6 እጅ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ሌላ ይፈለግ። ሲሚንቶና አሸዋ በአካፋ ግምት አይሰፈርም፤ አንዱ ሰው አካፋውን ቆልሎ ሌላው አጉድሎ ይዝቃልና። ውስጡ ርዝመቱ 50፥ ወርዱ 40፥ ከፍታው 18 ሳንቲሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ቢሠራ 50 ኪሎ የሚመዝነውን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይይዛል። ለግድግዳ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በ4 ሣጥን አሸዋ ነው። ሁለቱ በደረቁ መልካቸው አንድ እስኪሆን ድረስ ይደባለቁ፤ ውኃ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር።

በውኃ ነገር ብዙ ረዳት ይሳሳታል። ጭቃው ቀጠን ሲል ለማቡካት ይቀላል፥ ለመሸከምም ይመቻል፤ ስለዚህ ሰው ሲደክመው ውኃ ያበዛል። ነገር ግን የተረፈው ውኃ ኋላ ሲደርቅ በጭቃው ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ግንቡም የደረቀ ዳቦ ይመስል ይፈረፈራል። ስንፍናው በዚያ ቀን አይታይም፤ ስለዚህ ግንበኛው አንሣው ያለውን ጭቃ ረዳቱ ሳይከራከር ያንሣ። ደግሞም ከተቦካ አንድ ሰዓት ተኩል ያለፈውንና መጠንከር የጀመረውን ጭቃ በውኃ አለስልሶ መመለስ አይገባም። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ ትወርዳለች፥ ሙቀቷም ይበልጣል፤ በዚያ ጭቃው ፈጥኖ ይደርቃልና ግንበኛው በአንድ ሰዓት ከሚጨርሰው በላይ አይቦካ፤ ድንጋዩም ከመቀመጡ በፊት ውኃ ይርከፈከፍበት። ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል፥ ዓይንንም ይጎዳል፤ ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይረግጡት ይከልከሉ።

ለሲሚንቶ ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት መሠረቱንና ከመሬት በላይ ያለውን ጥቂት ከፍታ በሲሚንቶ፥ የቀረውን በጭቃ ሊያሠራ ይችላል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ብዙ ቀን ይደር፤ የጣራው ክዳንም ዝናም ግድግዳውን እንዳይመታ ወደ ውጭ ዘርግቶ ይውጣ።

ችኩል አሠሪ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ጅጌ የተጠራበት ቀን ሰው ስለሚበዛ፥ ሽማግሌዎቹም ቤቱን ዛሬ ፈጽመን እንግባ ስለሚሉ፥ ግንበኛው ከልኩ በላይ እንዲቆልል ይገደዳል። በአንድ ቀን ከ1 ሜትር በላይ የተነሣ ግንብ ከታች ያለው ጭቃ ሳይጠነክር ይጫነዋል፥ ከቱንቢውም ይወጣል። ሰው ከበዛ በቀረው ጉልበት ድንጋይ ይልቀም፥ አሸዋ ይታጠብ፥ ቦዩ ይቆፈር።

ግንበኛው ዋጋውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላም የረዳቱ ሥራ አያልቅም። በሲሚንቶ የተሠራው ክፍል 7 ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፥ በቀትርም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውኃ ይዞ በመቆየት ነውና። ይህን ሥራ ለተማሪዎች በየተራ ማካፈል ይቻላል። እነዚህ ቀናት እስኪፈጸሙ ድረስ የጣራው ወጋግራ አይጫንበት፤ ልጆችም ግድግዳውን አይደገፉ፥ አይውጡበትም። ዘሩ የሚገባው ግድግዳው በውስጥ በኩል ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ጆንያውም በመሬት ላይ ሳይሆን ከግድግዳው አንድ ስንዝር በራቀ የእንጨት ቆጥ ላይ ይቀመጥ።