ጥቂት ዕቃ ባለበት ቤት ምን ይብዛ?



ለዒድ ዘመድ ልትጠይቁ ወደ አንድ ቤት ገባችሁ እንበል። ሳሎኑ በሶፋ ተሞልቶ መተላለፊያ የለውም። ቡፌው ከሰርግ ጀምሮ ባልተነኩ ብርጭቆዎችና ሳህኖች ታጭቋል። ቁም ሳጥኑ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ብርድ ልብስ ተደራርቧል። እጃችሁን ለመታጠብ ስትነሱ ግን ሳሙና ይፈለጋል። የለም ተብሎ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል። ፎጣውም አንድ ብቻ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ትልቁም ትንሹም ተጠራርጎበታል።

ይህ ቤት ዕቃ አላነሰውም። የጎደለው ለቤተሰቡ ጤና ሊበዛ የሚገባው ነገር ነው።

በውጭው ዓለም «ሚኒማሊዝም» የሚባል አኗኗር ከተለመደ ቆይቷል። የሚያስፈልግን ብቻ ይዞ ትርፉን ማስወገድ ማለት ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መኝታ የተምር ዛፍ ጭረት የተሞላበት ቆዳ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አንድ ፍራሽ ለባል፣ አንድ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ እንደሆነ፣ ከዚያ የሚያልፈው ግን ለሸይጧን እንደሆነ ተነግሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የእንግዳው ፍራሽ ከትርፍ አልተቆጠረም። ስለዚህ ዕቃን መቀነስ ማለት ቤትን ባዶ ማድረግ ማለት አይደለም። በየቀኑ የምንጠቀምበት፣ የሚታጠብና ለሰው የሚተርፍ ነገር ቢበዛ መልካም ነው። መቀነስ ያለበት ዝም ብሎ ተቀምጦ አቧራ የሚሰበስበው ነው።

ከዚህ በመነሳት በቤታችን በርከት ብለው ቢገኙ ለጤናችን የሚበጁትን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. የተከደነ ንጹሕ ውሃ

በብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በአስቸኳይ የእርዳታ ሥራ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ እንዲቀርብ ይመከራል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ 75 ሊትር፣ ማለትም ወደ አራት የሚጠጉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ነው። ውሃው ለሁለት ቀን የሚጠፋ ከሆነ ስምንት ጀሪካን ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጀሪካን የበዛበት ቤት ዕቃ አበዛ ተብሎ አይወቀስም።

ነገር ግን ክዳን የሌለው ውሃ ራሱ የበሽታ ምንጭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። በ2019 ደግሞ በዚያው ከተማ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጥቅቷል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባል ቀን ቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውሃ ውስጥ፣ በተለይ ክዳን በሌለው በርሜል፣ በሮቶ፣ በተጣለ ጎማና በባልዲ ነው። እንቁላሉ አድጎ ትንኝ ለመሆን ከአንድ ሳምንት እስከ አስር ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ዕቃውን በየሳምንቱ ማፍሰስ፣ እንቁላሉ በግድግዳው ላይ ስለሚለጠፍም ውስጡን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃዎች እንዲከደኑና የውሃ አቁማዳዎች አፋቸው እንዲታሰር ማዘዛቸውን ስናስታውስ ሱናው ለጤናችንም ምን ያህል እንደሚበጅ እንረዳለን።

የሚጠጣው ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ። ኩባያ እያስገቡ ከመቅዳት ይልቅ አንጋዶ መቅዳት ይሻላል። የተባይ ማጥፊያ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም።

የውሃ መብዛት ደግሞ ለማባከን ፈቃድ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር።

2. ሳሙናና የየራስ ፎጣ

«ውዱእ ስላለኝ እጄ ንጹሕ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ውዱእ ዒባዳ ነው፤ ምንዳውም ትልቅ ነው። ነገር ግን በእጅ ላይ ያለን ቅባትና ከቅባቱ ጋር የተጣበቀን ጀርም በደንብ የሚያስለቅቀው ሳሙና ነው። እጅን በሳሙና የመታጠብ ልማድ የተቅማጥ በሽታን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሳሙና በመጸዳጃ ቤቱም በማዕድ ቤቱም ይኑር። ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ፣ ሕፃን ካጸዳን በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችን፣ ከመብላታችንና ሕፃን ከማብላታችን በፊት እንታጠብ።

ፎጣም እንደዚሁ ነው። ብዙዎችን ለዓይነ ስውርነት የዳረገው ትራኮማ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የጋራ ፎጣ ነው። የታመመው ልጅ ፊቱን የጠረገበት ጨርቅ በሽታውን ለወንድሙ ያደርሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ተቆርጦ ጠርዙ ቢሰፋ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት የፊት ፎጣ ይወጣዋል። በሳሙና እየታጠበ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

መፋቂያም በርከት ብሎ ይኑር። ለየሰው የራሱ ይሁን፤ ጫፉ ሲያረጅ እየተቆረጠ ይታደስ።

3. ጥራጥሬና ተምር

ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ በደረቅነታቸው ከክብደታቸው ከአንድ አምስተኛ በላይ ፕሮቲን ይይዛሉ። ከእንጀራ፣ ከዳቦ ወይም ከሩዝ ጋር ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። ምስር ወጥ ላይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት በተሻለ ይደርሳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚያስቀሩ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ መልካም ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶች።

አንዱን ዓይነት በኩንታል ከመግዛት ሦስት አራት ዓይነት በኪሎ በኪሎ መያዝ ይመረጣል። ጥራጥሬው ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በደንብ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። የሻገተ እህል፣ ኦቾሎኒ ወይም በርበሬ አይበላ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ምግቡ ቢበስልም አይጠፋም። ጓያንም ርካሽ ነው ብሎ ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ ስለሚያደርግ ልንጠነቀቅ ይገባል።

ተምር የሌለበት ቤት ቤተሰቡ የተራበ እንደሆነ የሚገልጽ ሐዲስ ሙስሊም ዘግበዋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እሳት ሳይነድ ወራት እያለፉ ቤተሰቡ በተምርና በውሃ ይኖር እንደነበርም እናውቃለን። ተምር ሳይበላሽ ይቆያል፤ ኃይል ይሰጣል፤ አሰር ስላለው ለሆድ ድርቀት ይረዳል። ሆኖም ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ስኳር ስለሆነ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

4. የእንግዳ ሲኒና የጎረቤት ድርሻ

ወጥ ስትሠሩ መረቁን አብዝታችሁ ለጎረቤት አድርሱ የሚለው ለአቡዘር (ረ.ዐ) የተሰጠ ምክር የታወቀ ነው። ለዚህ ደግሞ ሰፋ ያለ ድስትና በቂ ሳህን ያስፈልጋል። እንግዲያውስ ቡፌው ይከፈት! ቤተሰቡ በተሰነጠቀ ኩባያ እየጠጣ ጥሩው ብርጭቆ ለምን ይቆለፍበታል? ሲኒው በቂ ሲሆን አንዱ የጠጣበት ሳይታጠብ ለሌላው አይቀዳም።

5. ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ)

ሕፃን ተቅማጥ የሚይዘው ፋርማሲ ሲከፈት ጠብቆ አይደለም። ሌሊት ላይ ሲጀምረው በመሳቢያ ውስጥ አራት አምስት ፓኬት ቢኖር ነፍስ ያተርፋል። በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን (ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር ነው) በንጹሕ ውሃ ለክቶ መበጥበጥ፣ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማጠጣት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን መድፋት ያስፈልጋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይከልከል። ጤና ባለሙያው ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ይሰጣል። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደከመ ወይም ሰገራው ደም ካለው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ምን ይነስ?

ከሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ አይቀመጥ፤ ለሌላ ሰውም አይሰጥ። ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህ ከደረሰ ለማስታወክ ሳይሞከር በፍጥነት ወደ ሕክምና ይኬድ። የማይታጠብ ምንጣፍና የተደራረበ ብርድ ልብስ አቧራ እያጠራቀመ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። ስኳርም ይነስ። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 50 ግራም ገደማ ይወስዳል። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው የቀን ጣሪያ ነው፤ ለስላሳና ብስኩት ገና አልተቆጠረም።

ውድ አንባቢያን! ማብዛት ሲባል ገንዘብ ማፍሰስ ወይም ገበያ ሲጠብ ማከማቸት ማለት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ከማባከን ከልክሎናል። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ አንድ መደርደሪያ ምረጡ። እያንዳንዱን ዕቃ እያነሳችሁ «ባለፈው ዓመት ማንን አገለገለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንንም ካላገለገለና ደህና ከሆነ ለሚጠቀምበት በሰደቃ ስጡት። በተለቀቀው ቦታ ሳሙና፣ የልጆቹን ፎጣና የኦ.አር.ኤስ ፓኬቶቹን አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዒድ እንግዳ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ፣ ኢንሻአላህ፣ ልጅ ወደ ሱቅ አይላክም።

አላህ በቤታችን በረካን፣ በልጆቻችን ጤናን ያድርግልን። አሚን።