በዋጫ የተቀረጸ ዘፈን ወደ ኮምፒዩተር ስለሚተላለፍበት መንገድ

ባለፈው የዕረፍት ወራት የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዋጫ ሄጄ፥ በካፊ ኖኖ የሚዘፈኑ የደቦ ዘፈኖችን ቀርጬ ነበር። ዋጫ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ባለው በካፋ ዞን የምትገኝ ናት። የዘፈኖቹን ትርጉም ለሌላ ጊዜ አቈያለሁ። የዛሬው አሳቤ የተቀረጸው ድምፅ ከመቅረጫው ወጥቶ ኮምፒዩተር እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ለባልንጀሮቼ ማስረዳት ነው። ነገሩ ተራ የእጅ ሥራ ቢመስልም፥ ጥናት የሚድነውም የሚጠፋውም በዚሁ መንገድ ላይ መሆኑን በራሴ ላይ አይቻለሁ።

ሀ. ብዙ ትራክ ስለ ምን ያስፈልጋል?

በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ የኅብረት ዘፈን አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ፥ ማን ምን እንዳለ ለይቶ ማውጣት እጅግ ይቸግራል። በአገራችን የጋሞ ደጋ ሰዎች የሆኑት ዶርዜዎች ልዩ ልዩ ድምፆችን አስተባብረው በመዝፈናቸው በሙዚቃ አጥኚዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ዘፈን በጆሮ ብቻ መተንተን ቀላል አይደለም። ሲምሃ አሮም የተባለው ሊቅ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ሲያጠና፥ አንዱ ዘፋኝ የቀደመውን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድርሻ ለብቻው እንዲያስቀርጽ በማድረግ ድምፆቹን አንድ በአንድ ለይቷቸዋል። ባለ ብዙ ትራክ ዲጂታል መቅረጫ ግን ሰዎቹ አብረው እየዘፈኑ ሳሉ የእያንዳንዱን ማይክሮፎን ድምፅ ለየብቻው ያስቀምጣል፤ የጎረቤት ድምፅ በየማይክሮፎኑ ጥቂት መግባቱ ግን አይቀርም።

በዋጫ አንዱን ማይክሮፎን ለአውጪው፥ ሁለቱን ለተቀባዮች፥ አራተኛውን ለቀረው ሕዝብ አደረግሁ። አውጪው ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። ሲያሰናብቱኝ፥ «ልጄ፥ እኔ ይህን ሁለተኛ አልዘፍነውም፤ አደራ፥ ደኅና አድርገህ ያዘው» አሉኝ።

ለ. ካርዱ አልከፈት ባለ ጊዜ

ወደ ኮሌጅ ተመልሼ ሜሞሪ ካርዱን ኮምፒዩተር ላይ በሰካሁት ጊዜ፥ «ካርዱ ከመከፈቱ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ማስታወቂያ መጣ። አብሮኝ የነበረው ባልንጀራዬ «እሺ በለውና ይቀጥል» አለኝ። ጣቴ ወደ ቁልፉ ተዘርግቶ ሳለ የሽማግሌው አደራ ትዝ አለኝና ካርዱን ነቅዬ አወጣሁት።

ካርዱ ግን አልተበላሸም ነበር። አንዳንድ መቅረጫ ትራኮቹን የሚያስቀምጠው ለራሱ ብቻ በሚገባው አደራረግ ነው። ኮምፒዩተር ያንን ማንበብ ሲያቅተው ካርዱን እንደ አዲስ ካርድ ቈጥሮ ለማሰናዳት ይጠይቃል፤ «እሺ» ያለ ሰው መዝገቡን በገዛ እጁ ፋቀ ማለት ነው።

ሐ. ሦስቱ መንገዶች

አንደኛው ቀላሉ ነው። መቅረጫው ትራኮቹን ከመጀመሪያው በዌቭ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ፥ በዩ ኤስ ቢ ገመድ ወይም በካርድ ማንበቢያ ፎልደሩን በሙሉ መገልበጥ ይበቃል።

ሁለተኛው እኔን ያዳነኝ ነው። ካርዱን ወደ መቅረጫው መልሶ፥ በብዙ መሣሪያ ላይ ኤክስፖርት የተባለውን ትእዛዝ በመስጠት እያንዳንዱን ትራክ ወደ ዌቭ ማስለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ የተቀላቀለውን ሚክስ ብቻ ማውጣት አይገባም፤ የለያየነውን መልሰን መደባለቅ ይሆናልና። ደግሞም ትራኮቹ ሁሉ ከዘፈኑ መነሻ ይጀምሩ። ተቀባዩ በ30ኛው ሰኮንድ ቢገባ እንኳ የፊቱ ዝምታ መቈረጥ የለበትም፤ ያ ዝምታ ከተቈረጠ ተቀባዩ ከአውጪው ቀድሞ ይዘፍናል።

ሦስተኛው ማስለወጫ ለሌለው አሮጌ መሣሪያ ነው። መቅረጫውን እያዘፈኑ በድምፅ ገመድ ወደ ኮምፒዩተር እንደገና መቅረጽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዙር የሚተላለፈው ሁለት ትራክ ስለሆነ፥ ለአራት ትራክ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ማዘፈን ግድ ነው። ዙሮቹ እኩል ስለማይጀምሩ በኋላ ማስተካከያ ምልክት ያስፈልጋል። ስለዚህ በቀረጻው ጊዜ ሁሉም ማይክሮፎኖች በሚሰሙት ቦታ በመጀመሪያና በመጨረሻ አንድ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ታላቅ ጥቅም አለው።

መ. ስለ መጠኑና ስለ ጥንቃቄው

በሰኮንድ 44,100 ናሙና፥ በ24 ቢት የተቀረጸ አንድ ትራክ በደቂቃ 7.9 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ አራት ትራክ ለአንድ ሰዓት 1.9 ጊጋ ባይት ያህል ነው። ቦታ ለመቈጠብ ወደ ኤም ፒ ስሪ መለወጥ ለማዳመጥ ይበጃል፤ ለመዝገብ ግን አይሆንም፤ ከድምፁ የተጣለው ክፍል ተመልሶ አይገኝምና።

ከተላለፈ በኋላ የፋይሎቹን ቍጥርና ርዝመት ማመሳከር፥ የእያንዳንዱን መጀመሪያ፥ መካከልና መጨረሻ ማዳመጥ፥ ሁለት ቅጂ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ማኖር ይገባል። የትኛው ትራክ የማን ድምፅ እንደሆነ በዚያው ቀን ካልተጻፈ፥ ከዓመት በኋላ ቀራጩ ራሱ አያውቀውም። ይህ ሁሉ ሳይፈጸም ካርዱ አይደምሰስ።

አራቱም ትራኮች ዛሬ በደኅና ተቀምጠዋል። በሚመጣው ዕረፍት አንድ ቅጂ ይዤ ወደ ዋጫ እመለሳለሁ፤ አደራውን የሰጡኝ አባት ድምፃቸውን ቢሰሙ፥ ያን ጊዜ ሥራው ተፈጸመ እላለሁ።