«ራውተር» ወይስ «ሩተር»? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ያልተስማሙባቸው የኮምፒውተር ቃላት

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ በኮምፒውተር ድጋፍ ሙያ ሥራ የጀመረ አንድ ኢትዮጵያዊ የአንድን ዕቃ መለያ ቁጥር በስልክ ፊደል በፊደል እያነበበ ነው እንበል። የላቲን ፊደላት መጨረሻ የሆነው ሆሄ ላይ ሲደርስ በአገር ቤት እንደተማረው «ዜድ» ይላል። አሜሪካዊው ደንበኛ ግራ ይጋባል። ሠራተኛው አርሞ «ዚ» ሲል ደግሞ ደንበኛው «ሲ» ብሎ ይጽፋል። ማምሻውን ወደ ቤቱ ሲመለስ በሐሳቡ የሚመላለሰው አንድ ነገር ነው፤ «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው»።

ሆኖም ይህ ሰው አልተሳሳተም። «ዜድ» የለንደን፣ የቶሮንቶና የሲድኒ ነዋሪዎች አጠራር ነው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ወደ ኮምፒውተር ሙያ የሚገቡ ወገኖቻችን በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ የቃላት አጠራር በመሆኑ፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም በእነዚሁ ቃላት እንደማይስማሙ ማወቅ ይጠቅማል።

ከጎዳናው እንጀምር። አሌክሳንድርያን አቋርጦ የሚያልፈው ቁጥር 1 አውራ ጎዳና በብዙዎች አፍ «ሩት ዋን» ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው ቁጥር 29 ደግሞ «ሩት ትዌንቲ ናይን»። በዚያው ጎዳና የሚነዳ አሜሪካዊ ግን ቤቱ ገብቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥበት አጥፍቶ የሚያበራው «ራውተር»ን ነው። ሁለቱም ስሞች መንገድ የሚል ትርጉም ካለው ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። እንግሊዛዊው መሣሪያውንም «ሩተር» ይለዋል። አውስትራሊያዊው በበኩሉ «ሩት» የሚለው ድምፅ በአገሩ የብልግና ትርጉም ስላለው ከአሜሪካውያን ጋር «ራውተር» ማለትን ይመርጣል።

የመረጃ ቋት ባለሙያዎች ዕለት በዕለት የሚጠቀሙበት ቋንቋም ሁለት ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የተባሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ሲያስተዋውቁት «ሲክዌል» ብለውት ነበር። ስሙ የአንድ የእንግሊዝ የአውሮፕላን ኩባንያ የንግድ ምልክት ሆኖ በመገኘቱ አናባቢዎቹ ወጥተው «ኤስ ኪው ኤል» ተባለ። የጽሑፉ ስም ቢለወጥም የቀደመው አጠራር ከሰዎች አፍ አልጠፋም። የ«ማይ ኤስ ኪው ኤል» ሶፍትዌር መመሪያ ሳይቀር ይፋዊውን አጠራር ከገለጸ በኋላ «ማይ ሲክዌል» ለሚሉትም ቅር እንደማይለው ያስረዳል።

የፈጣሪው ቃል እንኳ ክርክር አይዘጋም። ተንቀሳቃሽ ምስሎችን የምንለዋወጥበትን የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1987 በኮምፒዩሰርቭ ኩባንያ የፈጠረው ስቲቭ ዊልሃይት ነው። በ2013 የዌቢ ሽልማትን ሲቀበል ትክክለኛው አጠራር «ጂፍ» እንጂ «ጊፍ» እንዳልሆነ በመድረኩ ስክሪን ላይ ባሳየው ጽሑፍ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕይወቱ እስካለፈ ድረስም፣ ከዚያም በኋላ «ጊፍ» የሚሉት በአቋማቸው ጸንተዋል። መከራከሪያቸው የምሕጻሩ የመጀመሪያ ፊደል የወጣበት «ግራፊክስ» የሚለው ቃል በ«ግ» የሚጀምር መሆኑ ነው።

በስልክ ቁልፎች ላይ ያለው የ«#» ምልክትም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ «መሰላል» እንለዋለን፤ ቅርጹም በእርግጥ መሰላል ይመስላል። የአሜሪካ ባንክ አውቶማቲክ ድምፅ ግን «ፓውንድ»ን ይጫኑ ይላል። ይህን የሰማ እንግሊዛዊ የአገሩን ገንዘብ ምልክት ሊፈልግ ይችላል፤ ለእርሱ ምልክቱ «ሃሽ» ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በትዊተር የተስፋፋው «ሃሽታግ» የተሰኘው ስያሜ ግን «ፓውንድ» የሚሉትን አሜሪካውያን ሳይቀር «ሃሽ» አሰኝቷቸዋል።

የልዩነቱ ምንጭ ምንድን ነው? ብዙዎቹ የኮምፒውተር ቃላት ከአፍ በፊት በጽሑፍ የተወለዱ ናቸው። ባለሙያው ቃሉን በስክሪኑ ላይ ለዓመታት ሲያነብ ይኖርና አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ይኖርበታል። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ የአናባቢውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በለመደው ቃል እየገመተ ያነበዋል። በእኛ ፊደል ስንጽፍ ግን «ራ» ወይም «ሩ» ብለን መምረጥ ግድ ስለሚሆን፣ እንግሊዝኛው የሸሸገው ልዩነት ወለል ብሎ ይታያል። ይህ ማለት ግን የእኛ አጻጻፍ ምንም አይሸሽግም ማለት አይደለም። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን የሚያመለክት ቃል መሆኑን አንባቢ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ሁለቱንም አጠራሮች ለይቶ መስማት፣ በሥራ ቦታ ደግሞ ባልደረቦች የሚሉትን ማለት ይበቃል። በቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂው «ሲክዌል» ቢል፣ መላሹም «ኤስ ኪው ኤል» ቢል የሚያወሩት ስለ አንድ ቋንቋ ነው፤ የሚለያቸው የእውቀት ማነስ አይደለም።

ፊደልን በስልክ መጥራት ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ እዚህ ላይ አንዲት ሆሄ ብትሳሳት ሥራው ይበላሻል። ለዚህ መፍትሔው ከአቪዬሽን ተገኝቷል። «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» እያለ የሚቀጥለውና እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፊደል መጥሪያ፣ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ አብራሪዎች በሬዲዮ እንዲግባቡበት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። በእርሱ የመጨረሻው ሆሄ «ዙሉ» ይባላል። ያ የድጋፍ ሠራተኛ በማግስቱ ስልኩን አንሥቶ «ዙሉ» ቢል ከለንደንም ከሲልቨር ስፕሪንግም የሚደውለው ደንበኛ የሚጽፈው አንድ ፊደል ነው።