የባጃጅ ፍሬን ሸራ በቤንዚን አይታጠብም

ሾፌሮች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ሸራው ዘይት ነክቶታል፤ በቤንዚን አጥቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ልመልሰው?»

አይሆንም። ሸራ ዘይት ይመጥጣል። ላዩ ቢደርቅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል የተመጠጠው ተመልሶ ይወጣል፤ ፍሬኑ ይከዳችኋል፣ ወይም ባጃጁን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ቤንዚኑ ደግሞ የፍሬን ሲሊንደሩን ጎማ ያበላሻል።

መጀመሪያ የሚያፈሰውን ፈልጉ። የሲሊንደሩን ጎማ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ከረጠበ የሚያፈሰው የፍሬን ዘይት ነው። ደረቅ ከሆነ ኦይል ሲሉን ተጠራጠሩ። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ሸራ የግራና የቀኝ እግር አብሮ ይቀየራል። አንዱን ብቻ ቀይሮ የሚመልስ ጋራዥ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ታምቡሩ ላይ የተጻፈ የመጨረሻ ልክ ካለ ለኩት፤ ካለፈ ማስከርከም አያድነውም።

ፔዳሉ ሲረገጥ ልስልስ ካለ አየር ሳይገባ አይቀርም፤ ሸራ ማጥበቅ መፍትሔው አይደለም፣ አየሩ ይውጣ።

የጋራዥ ልጆች፣ የሸራውን ዱቄት በኮምፕረሰር አትንፉት! አንዳንድ ሸራ አስቤስቶስ አለው፤ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ የሸራውን ፎቶ ብታያይዙ መልሱ ይቀለኛል።