በጎልማሳነት ዕድሜ የሚጀመር የበሬ ማድለብ ሥራ

የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሻንቶ ዙሪያ የአንድ ቤተሰብ የእርሻ ይዞታ ጠባብ ነው። አባወራው አርባ ዓመት ሲያልፈው ልጆቹ ለትዳር ይደርሳሉ፤ መሬቱም መከፋፈል ይጀምራል። ገበሬው ከእርሻው ጎን ሌላ የገቢ ሥራ ለመጀመር የሚያስበው በዚህን ጊዜ ነው። ወጣት ቢከስር ሌላ አገር ሠርቶ ይመለሳል። ጎልማሳው ከከሰረ ግን የሚሸጠው የእርሻ በሬውን፣ የሚያከራየው መሬቱን ነው። ስለሆነም ጎልማሳ ገበሬ አዲስ ሥራ ሲጀምር በሚያውቀው ሙያ፣ በአንድ ዙር፣ የቤተሰቡን ቀለብ ሳይነካ እንዲጀምር እንመክራለን።

በወላይታ ለዚህ የሚስማማው ሥራ በሬ አስሮ ማድለብ ነው። ሙያው ከአባት የተወረሰ ነው፤ መኖውም ከጓሮ ይገኛል። የጎደለው ሒሳብ መያዝ ነው።

1. ጊዜና ምርጫ

የመጀመሪያው ዙር በሰኔ መግቢያ ቢጀመር ይመረጣል። በበልግ እርሻ የከሳ በሬ ለገበያ ይቀርባል፤ በክረምቱ መኖ አይጠፋም፤ 90 ቀን ሲሞላ ደግሞ ጊፋታና መስቀል ይደርሳሉ። የሚገዛው በሬ በመኖ እጥረት የከሳ እንጂ በበሽታ የከሳ መሆን የለበትም። ዓይኑ የጠራ፣ ጥርሱ ያላለቀ፣ አረማመዱ የተስተካከለ ይሁን። እንደተገዛም የውስጥ ጥገኛ መድኃኒት እንዲሰጠው፣ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት እንዲከተብ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መቅረብ አለበት።

2. አመጋገብ

300 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በቀን 8 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ወይም ውኃው ሳይቆጠር ይህን ያህል የሚሆን እርጥብ መኖ ይፈልጋል። የእንሰት ግንድና አምቾ ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ስለሆነ ከስኳር ድንች ሐረግ ጋር ይሰጡ። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚጨመር ከሆነ ከግማሽ ኪሎ ተነሥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረግ፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሆድ ይነፋል። ንጹሕ ውኃና ጨው አይለየው። ካሳቫ ጥሬውን መርዝነት ስላለው ተቆራርጦ በፀሐይ ሳይደርቅ አይሰጥ። በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰትም ለከብት መስጠት በሽታውን ወደ ጤነኛው ማሳ ያዛምታል።

የከሳ በሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ ይወፍራል፤ በኋላ የሚጨምረው ክብደት እየቀነሰ የሚበላው ግን ያው ነው። ስለዚህ ከ3 ወር በላይ ማቆየት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

3. ሒሳብ

የሚከተለው ስሌት ለማሳያ የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

የበሬ መግዣ 40,000 ብር
የሚገዛ መኖ 6,000 ብር
ጨው 300 ብር
ሕክምና 500 ብር
የገበያ ወጪ 700 ብር
የብድር ወለድ 1,500 ብር
ጠቅላላ ወጪ 49,000 ብር

በሬው በ58,000 ብር ቢሸጥ ትርፉ 9,000 ብር፣ ማለትም በቀን 100 ብር ነው። በ48,000 ብር ቢሸጥ ግን ገበሬው 90 ቀን ደክሞ 1,000 ብር ከስሯል። መዝገብ የሌለው ሰው በሁለተኛው ሽያጭ 8,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ የሚያስበው መግዣውንና መሸጫውን ብቻ ነውና። ሣር የሚያጭዱትና ውኃ የሚቀዱት ሚስትና ልጆች በመሆናቸው ሒሳቡ በፊታቸው ይሠራ፤ ትርፉም በስምምነት ይደልደል። ፍጉ ግን ቢተረፍም ባይተረፍም ለእንሰቱ ይቀራል።

4. የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ድርሻ

የብድር አገልግሎት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ለገበሬው ብድር ይሰጥ ነበር። ማኅበሩ ለጀማሪ አባል ከአንድ በሬ በላይ ብድር እንዳይፈቅድ፣ መክፈያውንም ከበዓሉ ገበያ በኋላ እንዲያደርገው እንመክራለን። ፉርሽካና ፋጉሎ በጅምላ ገዝቶ ማከፋፈል ወጪ ይቀንሳል። በሬ ቢሞት መላው ገንዘብ ስለሚጠፋ አባላት ከየሽያጩ ጥቂት እያዋጡ የመጠባበቂያ ገንዘብ ቢይዙ ይጠቅማል።

የልማት ሠራተኛው ደግሞ በየ15 ቀኑ የበሬውን የደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ይመዝግብ። ልኬቱ በሁለት ተከታታይ ጊዜ ካልጨመረ ምክንያቱን ከገበሬው ጋር ይመርምር፤ በሬው ታሞ ካልሆነና መኖው ካልጎደለ፣ በዓሉን ሳይጠብቅ እንዲሸጠው ይምከር። ሁለተኛ በሬ የሚገዛው የመጀመሪያው ዕዳ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።